መርዶ ነጋሪ ፍለጋ

በረኪና ሲሸተኝ ወጣትነቴ ነው የሚመጣብኝ። ሌላው ሰው ወጣትነቱን በሽቶ ወይም በአበባ መዓዛ ያስታውስ ይሆናል፤ የእኔ ግን ጤና ጣቢያ ውስጥ ስላለፈ ያለኝ በረኪና፣ አልኮልና አዮዲን ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ደጄ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ ያ ሽታ ከአጥሩ ማዶ መጣ። ተነሥቼ ብወጣ ይበልጣል የሚባለው የሰፈራችን ባለ ባጃጅ እጅጌውን ሰብስቦ የኋላ ወንበሩን ይፈገፍጋል። ከባጃጇ ሥር እየወረደ ወደ ቦዩ የሚገባው ውሃ ቀይ ነው።

«ምን ጉድ ነው፣ በግ አረድህባት እንዴ?» አልሁት ለቀልድ።

«ኧረ ምን በግ ዶክተር! ሰው ነው እንጂ። ከቡሬ መንገድ አፋፍሼ ሳመጣው እዚሁ ከተማው መግቢያ ላይ ሞተብኝ። ሬሳውን ሆስፒታል አስረክቤ መምጣቴ ነው። አሁን ይኸን ወንበር ማን ያጥብልኝ? ስፖንጁ ውስጥ ከገባ እኮ አይለቅም። ባለፈውም ሽታው ስንት ተሳፋሪ አባሮብኛል።»

«ሟቹ ማን ነው?»

«ጎሚስታው አንለይ። የማንኩሳዋ የበርበሬ ነጋዴ፣ የእትዬ ስንዱ ልጅ። ጎማ ሊገዛ ወደ ቡሬ ሲሄድ ነው አሉ። ሌቦች ሚኒባሱን አስቁመው ሲፈትሹ አንድ ነገር ተናገራቸው መሰለኝ፤ ተኮሱበት።» ይኸን ሲለኝ እጁ ከመፈግፈግ አላቆመም። «እስቲ ዶክተር፣ እርስዎ ያውቁታል፤ ደም በምን ይለቃል?»

በቀዝቃዛ ውሃና በጨው እንደሚለቅ አውቃለሁ። አልነገርሁትም። ዕድሜዬን ሙሉ ደም ስጠርግ ስለኖርሁ ደሙ አላቅለሸለሸኝም፤ ያቅለሸለሸኝ ጥያቄው ነው። የዚያችን ባጃጅ ጎማ ሲለጥፍ፣ ሲነፋ፣ አንዳንዴም በዱቤ ሲሸኝ የኖረው አንለይ ነው። እሱ ከሞተ ገና ሰዓት እንኳ በቅጡ አልሞላውም፤ ይበልጣል የሚያዝነው ለስፖንጅ ነው። «እናቱ ሰምታለች?» ብዬ ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ወደ ማንኩሳ የሚደውል የለም።

ዶክተር የሚሉኝ ዶክተር ስለሆንሁ አይደለም። ድሬሰር ነበርሁ፤ ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ፣ ሲብስም የሞተ ገናዥ። ያኔ ለፍኖተ ሰላም ሰው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ እኔም ሳልቃወም ተሾምሁ። ከጋዋኑ ሥር የምለብሰው ቴትሮን ሸሚዝ ነበር፤ ታቹ የሰፋ ሱሪ ከደመወዜ ቆጥቤ አሰፍቼ፣ ጸጉሬን አጎፍሬ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ደጃፍ ስቆም ራሴን እንዴት እንደማይ እኔው አውቃለሁ። ሻይ ዐሥር ሳንቲም፣ ዳቦ ዐሥራ አምስት፣ አንድ ሽልንግ፣ ማለት ሃምሳ ሳንቲም የያዘ ደግሞ ጓደኛ ይጋብዛል። ባለ ሻይ ቤቱ አንድ ቴፕ ነበረው፤ ቴፑን እንደ ልጁ በጥልፍ ጨርቅ ይሸፍነዋል። ጠዋት መንፈሳዊ፣ ከሰዓት የፍቅር ዘፈን ያሰማል። በርበሬ በሚደርስበት ወር አስፋልቱ ዳር በርበሬ ለፀሐይ ይሰጣል፤ ሙሉ ከተማው እያስነጠሰ ይሄዳል፣ እያስነጠሰ ይዘፍናል። ዛሬ ያች ሻይ ቤት ፈርሳ የሞባይል ዕቃ ይሸጥባታል።

እዚያች ሻይ ቤት ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ ነበር ከግሽ ዓባይ በኩል በቃሬዛ አንድ ሰው ሲመጣ ያየሁት። በድንበር ተጣልቶ በስለት የተወጋ ገበሬ ነው። ተሸካሚዎቹ ቁምጣ የለበሱ፣ ጋቢያቸውን በትከሻቸው ያጣፉ፣ ላብና አቧራ ያለበሳቸው ሰዎች ናቸው፤ እየተፈራረቁ ያን ሁሉ አገር በእግር አቋርጠዋል። ቃሬዛው ከተማ ሲገባ ማንም ምንም ሳይለው ባለ ሻይ ቤቱ ቴፑን አጠፋ። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቆመ። ሴቶች ከየቤታቸው ወጥተው ተከተሉን፤ ጤና ጣቢያው ግቢ እስኪሞላ። ቁስሉን እየጠረግሁ በመስኮት አንዷ ትጮህብኛለች፤ «ወንድምዓለም፣ የክርስትና ስሙ ማን ይባላል? ንገረንና እንጸልይለት!» ሰውየውን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። አገሩን አልጠየቀች፤ ዘሩን አልጠየቀች፤ የጠየቀችው በምን ስም ወደ ፈጣሪ እንደምታቀርበው ነው። ሰውየው ተርፎ ወደ አገሩ ሲመለስ እንኳ በወተትና በማር የሸኙት የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው።

ድሮ ሁሉ ነገር ማር ነበር ልላችሁ አይደለም። ድሮም ሰው ይገደል ነበር፤ በመሬት፣ በሚስት፣ በስካር፣ በቂም። ልዩነቱ አንድ ሰው ሲገደል አገር መናጋቱ ነው። ገና ጎረምሳ ሳለሁ ከቡሬ ገበያ ሲመለስ አንድ የከብት ነጋዴ ተገድሎ መንገድ ዳር ተገኘ። ያን ጊዜ የአካባቢው ወንድ ሁሉ አውጫጭኝ ተቀመጠ። ለማያውቅ ልንገር፤ አውጫጭኝ ማለት ገዳዩ እስኪታወቅ ድረስ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ሥርዓት ነው። ሞፈርህን ጥለህ፣ እርሻህን ጥለህ ትቀመጣለህ፤ ስንቅህን ሚስትህ ታመጣለች፤ የምታውቀውን ለተመረጡ ሰዎች በምስጢር ትናገራለህ። እኔም ከአባቴ ጎን ተቀምጫለሁ። ዝናብ ወረደብን፣ ፀሐይ ወጣብን፤ የዘር ጊዜ እያለፈ ነው፤ ሽማግሌው ሁሉ ያጉረመርማል፤ ግን ተነሥቶ የሄደ አልነበረም። በስተመጨረሻ የተናገረው የገዳዩ የገዛ አጎት ነው። እያለቀሰ፣ ጋቢውን ነክሶ ተናገረ። ሥርዓቱ ግፍም ነበረበት፤ ያልሠራ ሰው የተጠቆመበት ጊዜ እንዳለ ሰምቻለሁ። ቢሆንም በዚያ ሜዳ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ነበር የተቀመጠው፤ ማን ገደለው? ዛሬ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ባገኝ እግሩን አጥብለት ነበር።

ይበልጣልን ከነባልዲው ትቼ ዱላዬን አነሣሁና መርዶ ነጋሪ ፍለጋ ወጣሁ። እትዬ ስንዱ ባሏ ቀደም ብሎ ሞቶባታል፤ ከአንለይ ሌላ ልጅ የላትም። አንለይን የከተብሁት እኔ ነኝ። መርፌውን ስወጋው እሱ ዝም ሲል እሷ አለቀሰች፤ እንደዚያ ያለች እናት ናት። ለእንዲህ ያለች ሴት መርዶ በመንገድ አይነገርም። ማለዳ፣ ገና ከቤት ሳትወጣ፣ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው፣ ካህን ይዘው ይሄዳሉ፤ ከሴቶቹ ጠንከር ያለችው ራሷን እንዳትጎዳ ከጎኗ ትቆማለች። ድሮ ለመርዶ የሚሄደው ሰው ብዛት አጥር ይሞላ ነበር። ሐዘኑ ተከፋፍሎ እንዲገባ ነው። ቀኑ ከመምሸቱ በፊት ሰው አሰባስቤ፣ ሌሊቱ እንደነጋ ማንኩሳ መድረስ አለብኝ ብዬ ወሰንሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት ሰው ይበዛል ብዬ መናኸሪያው ጋ ካለ ካፌ ነው። ሰዉ በቴሌቪዥን ኳስ ያያል። ሞባይል የያዙ ጎረምሶች ከበው አንድ ነገር ያያሉ፤ ጠጋ ብል የሚያዩት አንለይን ነው። አስፋልቱ ላይ ወድቆ አንዱ ፎቶ አንሥቶታል። ባለ ሞባይሉ በሁለት ጣቱ ምስሉን እየለጠጠ የጥይቱን ቦታ ያሳያል፤ በሌላ እጁ ማኪያቶውን ይዟል።

«የት ነው ይኸ?» አለ አንዱ።

«ከማንኩሳ ወዲህ ነው አሉ። ጎሚስታው ነው።»

«ተመስገን! እኔማ ወደ ቡሬ የሄደው ወንድሜ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።» ጠጣና ወደ ኳሱ ዞረ።

«በብሉቱዝ ላክልኝ» አለ ሌላው። «ኔትወርክ ሲመጣ እለጥፈዋለሁ።»

ጠረጴዛውን በዱላዬ መታሁት። «እናቱ አልሰማችም! ኔትወርክ ሲመጣ የልጇን ሬሳ በሞባይል እንድታየው ነው?» ብዬ ጮህሁ። ፈርተው ዝም ይሉኛል ብዬ ነበር። አልፈሩም፤ አላፈሩም። «አይ አባባ፣ እርስዎ ደግሞ! ስንቱ ተለጥፎ የለ እንዴ?» አለኝ ባለ ሞባይሉ፣ በትሕትና፣ ከወንበሩም ብድግ ብሎ። የባሰ ያናደደኝ ትሕትናው ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ተመስገን» የምትለዋን ቃል ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠላኋት። ድሮ ሰው ተመስገን የሚለው የታመመ ሲድን ነበር፤ አሁን የሞተው የሌላ ሰው ሲሆን ነው። ከዚያ ካፌ ስወጣ ምራቄን ዋጥሁት፤ ዕድሜዬን አክብሬ ነው እንጂ መትፋት ነበረብኝ።

የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ማንደፍሮ ቤት ስደርስ ድንኳን ያስተክላል። የሐዘን መስሎኝ ተንፈስ አልሁ። የሠርግ ነው።

«አንለይ እኮ የእድራችን አባል አይደለም ዶክተር» አለኝ ገመዱን እየሳበ። «ተከራይ ነው። ደግሞ ነገ ሙሽራ ይወጣል፤ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነን። ባይሆን ለቀብሩ ቃሬዛውን ውሰዱ፣ አልከለክልም።»

«ቢያንስ ጥሩንባ ይነፋለት። ሰው ይስማ።»

«ጥሩንባውን ተውነው እኮ! አልሰሙም እንዴ? በየማለዳው ሲነፋ ሰው ተማረረ። ሕጻናት ይባንናሉ፣ በሽተኛ ይረበሻል እያሉ ስብሰባ ላይ ተነሡብን። አሁን በቤት ለቤት ቀስ ብለን ነው የምንነግር።» ይህን ሲለኝ ትልቅ ሥልጣኔ እንደነገረኝ ያህል ፈገግ አለ። እኔ ያን ጥሩንባ አውቀዋለሁ። ሲነፋ እጄ ላይ ያለውን ጉርሻ ወደ ሰሐኑ የምመልስ ሰው ነበርሁ፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበርን። ለካ ጥሩንባ እንኳ ሲበዛ ጩኸት ነው የሚባለው። አቶ ማንደፍሮ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለታመመ ይደርሳል፣ ለድኻ ይሰጣል። እንዲህ ያለው ሰው ገመድ እየሳበ ሲያናግረኝ ነው ከተማዬ ያስጠላችኝ።

ከዚያ በኋላ ያንኳኳሁትን በር ሁሉ አልዘረዝርም። አንዱ መንገዱ ያስፈራል አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ አልፈረድሁበትም። አንዷ ጎረቤቴ «በዚህ ሳምንት ሌላ ለቅሶ ስደርስ ነው የከረምሁት፣ ጉልበቴ አለቀ» አለችኝና በሩን ሳትዘጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሌላው «ነገ ወደዚያ የሚሄድ ሾፌር አውቃለሁ፣ በሱ እንላክባት» አለ፤ ሞትን እንደ ዕቃ። በመጨረሻ የደረስሁት መሪጌታ ኅሩይ ዘንድ ነው። መሪጌታ ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ ቅስናም ያላቸው፣ እንደ እኔው ዐይናቸው የደከመ ሰው ናቸው። ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ መስቀላቸውን ከግድግዳው አወረዱ።

«ስንት ሰው አገኙ?» አሉኝ።

«እርስዎን ብቻ።»

መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ለሞተው ፍትሐት እናደርሳለን። ለእኛ ለቆምነው ማን ያድርስልን?» አሉ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ይበልጣል ባጃጁን ደጄ ላይ አቁሞ ይጠብቀኛል። «ዶክተር፣ ለመርዶ ሰው አጡ አሉ። ጠዋት እኔ እወስዳችኋለሁ። ብር አልቀበልም» አለኝ መሬት መሬት እያየ። አንገቱን አቅፌ ልስመውም፣ በዱላ ልመታውም አማረኝ። ሁለቱንም ተውሁ። «ጎሕ ሲቀድ ና» ብዬ ገባሁ።

በማግስቱ ሦስት ሆነን ወጣን። እኔና መሪጌታ ነጠላችንን ለሐዘን አዘቅዝቀን ከኋላ ተቀመጥን። የሽታው ነገር አይነሣ። ከተማውን ስንወጣ ጉም በቆሎው ላይ ተኝቷል፤ አገሩ የሚያምረው እንደዚያ ሲሆን ነው፤ ያን ጠዋት ግን ማማሩም አናደደኝ። ማንኩሳ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ይበልጣል «እዚህ ጋ ነው» አለና ቀዝቀዝ አደረጋት። አስፋልቱ ላይ አንድ ነጠላ ጫማ ወድቋል፤ ከጎኑ ጠቁሮ የደረቀ ቦታ አለ። ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ዘንቢላቸውን አዝለው በላዩ ተራምደው ያልፋሉ፤ እያወሩ፣ እየሳቁ። በእኛ ጊዜ የፈሰሰ የሰው ደም አፈር ሳይለብስ ማንም አያልፈውም ነበር፤ አላፊው ሁሉ እፍኝ አፈር ይጥልበታል፣ ያልቻለ ቅጠል ያኖርበታል። መሪጌታ «አውርደኝ» አሉ። ወርደው ከመንገዱ ዳር አፈር በሁለት እጃቸው እያፈሱ ማልበስ ጀመሩ። እኔም ጎንበስ ብዬ አገዝኋቸው። ከኋላችን አንድ አይሱዙ መጥቶ ጥሩንባውን አንባረቀው፤ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «አባ፣ መንገድ ልቀቁ! ገበያ ረፈደብን!» አለ። መሪጌታ ቀና ሳይሉ አፈሩን ማልበስ ቀጠሉ። ይበልጣል ከባጃጁ ወርዶ መሀል አስፋልቱ ላይ ቆመ። እስክንጨርስ ድረስ መኪናውን ያቆመው እሱ ነው። 

ማንኩሳ ስንገባ የበርበሬ ሽታ ተቀበለን። የእትዬ ስንዱ ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። ከአጥሩ በር ላይ ቆምን። መርዶ ስንት ጊዜ እንደነገርሁ አላስታውስም፤ የሚሆነውን ግን አውቀዋለሁ። ድሮ ገና ጎሕ ሲቀድ ካህን ይዘው፣ ነጠላ አዘቅዝቀው ሰዎች ደጅ ከቆሙ፣ እናት አንድ ቃል ሳይነገራት ነው የምትጮኸው። ጩኸቱ ራሱ መርዶውን ይነግርልሃል፤ አንተ ለመያዝ ብቻ ትሮጣለህ። እኔ እሷን ለመያዝ ተዘጋጀሁ። በዚህ ዕድሜዬ ትጥለኝ ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። ይበልጣልን «ከጎኔ ቁም» አልሁት። መሪጌታ አንኳኩ።

እትዬ ስንዱ በሩን ከፈተች። አየችን። የመሪጌታን መስቀል አየች፣ ነጠላችንን አየች። አልጮኸችም።

«እንደምን አደራችሁ አባቶቼ» አለች መስቀሉን ተሳልማ። «ቆዩኝ፣ መጣሁ፤ እሳቱን ላጥፋ።»

ተመልሳ ገባች። እኔና መሪጌታ ተያየን፤ ምን እንደሆነ አልገባንም። ሰምታ ይሆን? ማን ነገራት? ወዲያው ወጣች። ነጠላዋን እንደ እኛው አዘቅዝቃ ለብሳለች። በሯን ቆለፈች፣ ቁልፉን ጡቷ ሥር ሸጎጠች፤ በየሳምንቱ እንደምታደርገው ሁሉ።

«ትናንትና ከዚህ ማዶ ያለችዋን እናት መርዶ አርድተናት ነበር» አለች። «ኧረግ፣ ዛሬስ ሦስት ብቻ ናችሁ? ሰውስ የት ሄደ?»

መሪጌታ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። እኔ «እታለም» ብዬ ጀመርሁ።

«አይዟችሁ፣ እኔ አለሁ» አለችና ከፊታችን ቀድማ መንገድ ጀመረች። «ቤቱን ብቻ አሳዩኝ። እናትየዋን እኔ እይዛታለሁ።»